መድኃኒቱ አልሠራም ከማለታችሁ በፊት ማን እንዳቋረጠው ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ገዳሪፍ ከተማ ያላችሁ፣ ኡም ራኩባና ቱናይድባ ያላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ሊቢያም ካናዳም የደረሳችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን። ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ስለ ራሽን አይደለም፣ ስለ መታወቂያም አይደለም። ስለ ታናሽ ወንድሜና እንደ እሱ ስለታመሙ ልጆቻችን ነው። እሱ ራሱ አንብቦ «ለጥፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው» ብሎኛል።

ባለፈው እሁድ እኔ በምኖርበት ሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ጉዳዩ የአንድ ወጣት ነው። ባይፖላር የሚባለው ሕመም አለበት። አንዴ ሰማይ ይነካል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፣ አይተኛም፣ ያለውን ሁሉ ይበትናል። አንዴ ደግሞ ድባቴ ውስጥ ገብቶ ከፍራሹ አይነሳም። ከአንድ ዓመት በላይ ክኒኑን እየዋጠ፣ የቀን ሥራ እየሠራ ደህና ሆኖ ቆይቶ ነበር። አሁን አገረሸበት። ክሊኒክ ተወሰደ፣ የድሮውን ክኒን እንደገና ሰጡት፣ አልተሻለውም።

ስብሰባው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። «መድኃኒቱ ተሞክሯል፣ አልሠራም፣ ሰውነቱ ለምዶታል» ተባለ። እስኪረጋጋ በሰንሰለት ይታሰር፣ ገንዘብ ሲዋጣ በገላባት አሻግሮ ጠበል የሚያደርሰው ሰው ይፈለግ ተባለ። ገንዘቡን ውጭ ያሉ ዘመዶች ይልካሉ።

እኔ ተነስቼ ጠየቅሁ። ሳያገረሽበት በፊት ክኒኑን ስንት ቀን ዘሎ ነበር? ማንም አያውቅም። ደሙ ተመርምሯል? ማንም አያውቅም። ስንት ሚሊግራም ነው የሚወስደው? እናቱ ብቻ «ነጩን፣ ጠዋትና ማታ» አሉ። ከዚያ አንድ የማከብራቸው አባት «አንቺ ልጅ፣ የአንቺስ ወንድም ሰውነቱ ለምዶት አይደል እንዴ እንዲያ የሆነው?» አሉኝ።

አፌ ተያዘ። ተቀመጥኩ። መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ። አባቴ፣ ከልጆችዎ አንዱ ያነብልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አይደለም አባቴ። የወንድሜ ሰውነት መድኃኒቱን አልለመደውም። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ።

በኅዳር 2013 ተከዜን ተሻግረን ሃምዳይት ስንደርስ በኪሱ የ19 ቀን ክኒን ነበረው። ሊቲየም ነው። ጎንደር ላይ ከተጀመረለት በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያገረሽበት ቆይቷል። እዚህም ከመጣን በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንደምንም አላስቋረጥነውም። ከካርቱም የሚመጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረን፣ በየሁለት ወሩ ያመጣልን ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሹፌሩም መንገዱም ቀረ። ያን ቀን ቤት ውስጥ 90 ክኒን ነበር። በቀን ሦስት ቢሆን ለ30 ቀን ይበቃል። እኔ 60 ቀን ላድርሰው ብዬ በቀን አንድ ተኩል አደረግሁት። ለእሱ አልነገርኩትም። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። ቆርጬ በሻይ እሰጠው ነበር።

በ40ኛው ቀን ገደማ እንቅልፉ ቀነሰ። «ኃይል አገኘሁ» እያለ ሌሊት ጎረቤት ቀስቅሶ ንግድ ሊያስጀምራቸው ይሞክር ነበር። እኛ ሳቅን። በሳምንቱ መሳቅ አቆምን። ያለችንን ስልክ ሸጦ ገንዘቡን መንገድ ላይ አደለ። ፖሊስ ያዘው፣ ተደበደበ። አንድ ክሊኒክ ሃሎፔሪዶል በመርፌ ወጋው፣ አንገቱ ተጣሞ ቀረ፤ ይህን የሚያላቅቅ ሌላ መድኃኒት እንዳለ የነገረን የለም። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋውን ያየ እንደሆነ ይሮጣል። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንድ ልጅ ተርጉሞ ነገረኝ፤ «ታካሚው መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ይላል።

ታካሚው! እሱ የሰጠሁትን ሁሉ ውጧል።

ከሰባት ወር በኋላ ከመተማ በኩል ሊቲየም አገኘን። ትንሽ ስለነበረ አሁንም ቆጠብኩ፣ በቀን ሁለት። አልሠራም። ያኔ ነው ሰፈሩ ሁሉ «ለመደው» ያለው። እኔም አምኜ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ሌሊት «ይታሰር» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ያዳነን አንድ ሱዳናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ራሱ ተፈናቃይ ነው፤ ከካርቱም ወደ መደኒ፣ መደኒ በታኅሣሥ 2016 ስትያዝ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ የመጣ። አልጮኸም፣ አልፈረደብንም። ሦስት ነገር ጠየቀ። ከማገርሸቱ በፊት ምን ያህል ይወስድ ነበር? መቼ ተቀነሰ? ከሌላ መድኃኒት ጋር ምን ወሰደ? ከዚያ ደሙን አስመረመረ። የሊቲየም መጠኑ 0.3 ሆኖ ተገኘ። እንዳያገረሽ ለመጠበቅ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 0.8 ነው፤ በማኒያ ውስጥ ላለ ሰው እስከ 1.0 ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ በእጁ ወረቀቱን እየነካ ያለኝን እስካሁን አልረሳም፤ «ይህ መድኃኒት አልተሸነፈም፣ ወደ ጦር ሜዳው አልደረሰም» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ክርክሬ ይኸው ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» የምትለው አረፍተ ነገር ሁላችንንም ነፃ ታወጣናለች። ክሊኒኩ ነፃ ይወጣል፣ ኤጀንሲው ነፃ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ነፃ ይወጣል፤ ዕዳው በታማሚው ሰውነት ላይ ይቀራል። ካገረሸ በኋላ መድኃኒት የማይመልሰው ለምን እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ ሰንሰለት ይገዛል። ምክንያቶቹ ግን አሉ፣ ብዙዎቹም የሚስተካከሉ ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከሐኪሙ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

1ኛ፦ መቋረጥ። ሊቲየም በድንገት ሲቆም በሽታው ቀስ ተብሎ ከተቀነሰው ይልቅ ፈጥኖ ያገረሻል። ስለዚህ «ክኒን አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ኑ» ማለት ቀላል ቀጠሮ አይደለም። በሽታውን መጥራት ነው።

2ኛ፦ ሙቀቱና ሆዳችን። ሊቲየም ከውሃና ከጨው ጋር የተሳሰረ ነው። ገዳሪፍ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ትበልጣለች። በሰሊጥና በዱራ እርሻ ውሎ ላብ የጨረሰው ሰው፣ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው፣ ሊቲየሙ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። በነሐሴ 2016 ኮሌራ ሲታወጅ ከሰላና ገዳሪፍ ከተመቱት ሁሉ ፊት ነበሩ፤ ያኔ ይህን ማንም አልነገረንም። ለወገብና ለራስ ምታት የምንውጠው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም እንዲሁ ሊቲየሙን ከፍ ያደርገዋል። እጁ በኃይል የሚንቀጠቀጥ፣ የሚንገዳገድ፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ የሚያስመልሰው ከሆነ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ አድርሱት። ብዙ ሰው እንዲህ ተመርዞ ፈርቶ ይተወዋል፣ ከዚያ ያገረሽበታል፣ ከዚያ «አልሠራም» ይባላል።

3ኛ፦ መድኃኒት መድኃኒትን ሲበላ። ካርባማዜፒን በብዛት የሚሰጠን ለሊቲየም የሚያስፈልገው ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ስለሌለ ነው። ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉበት እሱን ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ይጀምራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሠራው መጠን በኋላ ያንሳል። አብሮት የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶልም ያሳንሰዋል። እህቶቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ በክንድ የሚቀበረውንና የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያም ያዳክማል። ቫልፕሮኤት ደግሞ በማህፀን ያለ ልጅን ስለሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ልትወልድ ለምትችል ሴት እንዳይሰጥ ይመክራል። ስትቀበሉ ጠይቁ።

4ኛ፦ የተሳሳተ መድኃኒት። በድባቴው ጊዜ ብቻ ያየው ጤና ባለሙያ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ብቻውን ከሰጠው ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። «በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል፣ ሳይተኛ ሰንብቶ ያውቃል» ብሎ መናገር የቤተሰብ ድርሻ ነው። እኛ ግን አፍረን እንደብቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን አልተሳሳቱም።

5ኛ፦ እንቅልፍ፣ ዓረቂ፣ ባንጎ፣ ጫት። የሌሊት ዘበኛ ሥራ ይዞ ባይፖላርን በክኒን ብቻ መያዝ አይቻልም። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ማኒያን ይጠራል።

6ኛ፦ ሊቲየም ራሱ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። ያ ደግሞ ድካምና ድባቴ ያመጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማል። ሳይመረመር ግን «መድኃኒቱ ድባቴውን አልከለከለለትም» ይባላል።

አሁን ከእኔ ክርክር ጋር የማይሄደውንም እውነት ልናገር፣ ደብቄ ባሸንፍ ምን ይጠቅመኛል። የወንድሜ መጠን ወደ 0.7 ከፍ ካለ በኋላ ተሻለው፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሊቲየም ሠርቶለት የኖረ ሰው አቋርጦ ካገረሸበት በኋላ እንደገና ሲጀምር እንደ በፊቱ የማይመልስለት ጊዜ አለ። ሐኪሞች ይህን ከ30 ዓመት በላይ ሲጽፉበት ቆይተዋል፣ ምን ያህል እንደሚያጋጥም ግን ይከራከራሉ። ስለዚህ መድኃኒት በእርግጥም የሚዳከምበት ጊዜ አለ። ይህን የምክዳችሁ አይደለሁም።

ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል «ሰንሰለት» አይደለም። ቀጥሎ ያለው ቃል «ሌላ» ነው። ሌላ መጠን፣ ሌላ መድኃኒት፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ሐኪሙ ለወንድሜ ኦላንዛፒን ጨመረለት። ክብደት ጨመረ፣ ጠዋት ይከብደዋል፣ ግን ይተኛል። ዛሬ የስልክ ካርድ ይሸጣል። አልዳነም፣ ቆሟል። በእኛ ኑሮ መቆም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ጠበል የምትጽፉልኝ አላችሁ። እኔም የጠበል ልጅ ነኝ። ጠበል አልቃወምም፣ «ክኒኑን ጣልና ና» የሚለውን ነው የምቃወመው። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ተመሳሳይ ክርክር ሲያስነሳ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ይህ የተቀመጠ ምክር ነው። ሱዳኖችም የራሳቸው አላቸው፤ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው የተጠራው ዶክተር ቲጃኒ አልማሂ ከአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ፣ የባህል አዋቂዎችንም በማክበር የታወቁ ናቸው። ሁለቱን አላጣሉም። ያ ሆስፒታል በዚህ ጦርነት ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑት አንዱ መሆኑ የሁላችን ኪሳራ ነው።

«ይህ የስደት እርግማን ነው» ለምትሉም አንድ ነገር። ቡታጅራ ላይ፣ በገጠር፣ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋግረው ባይፖላር ያለባቸውን ከ300 በላይ ሰዎች አግኝተዋል። ገበሬዎች፣ ካገራቸው ያልወጡ። በሽታው አገር ቤትም ነበረ። ስደት የጨመረው መቋረጥን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖር 100 ሰው 22ቱ የአእምሮ ሕመም አለበት፣ 5ቱ ደግሞ ከባዱ ዓይነት። ከ100 አምስት። የእናንተን ሰፈር ቁጠሩት። ስንት ሰንሰለት ልንገዛ ነው?

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው።

ከኤጀንሲዎቹና ከክሊኒኮቹ፦ ስንት ሰው እንዳያችሁ በሪፖርት ትጽፋላችሁ፤ ስንት ሰው ሳይቋረጥበት ስድስት ወር እንደወሰደ ጻፉልን። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሩን፣ ቢያንስ ቀስ ብሎ ይቀነስ፣ ወይም ሌላ ይተካ። የሊቲየም ደም ምርመራ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ጋ ናሙና ላኩ። «አይወስድም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ለምን?» በሉ፤ ያውም በሚገባን ቋንቋ።

ከእኛ ከቤተሰቦች፦ ደብተር ያዙ። የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ የተዘለለውን ቀን፣ የተኛበትን ሰዓት ጻፉ። የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ክኒን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ አትሽጡ፣ ለሌላ አታካፍሉ። ሁለት ሌሊት በደንብ ካልተኛና ድካም ካልተሰማው ሦስተኛውን አትጠብቁ። እንደ እኔ በስውር አትቀንሱ፤ ካነሰ ለእሱም ለሐኪሙም ንገሩ። በድባቴው ወቅት መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ አትቆጡት፣ ብቻውን አትተዉት፣ የእርሻ መርዝና የክኒን ክምችት ከአጠገቡ አርቁ፣ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ።

ከውጭ ካላችሁ፦ «ይታሰር፣ ብር እንልካለን» ብላችሁ በስልክ አትፍረዱ። ለደላላና ለመንገድ የምትልኩትን ለምርመራና ለሦስት ወር መድኃኒት ላኩ። ከመተማ ጎንደር ያለው መንገድ እገታ እንደበዛበት ታውቃላችሁ፤ ማኒያ ውስጥ ያለ ልጅ በዚያ መንገድ መላክ ሕክምና አይደለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እኛ ግን አብረን ያሰርነው አንበሳ አይደለም፣ የታመመ ልጅ ነው።

ሰንሰለቱ ተገዝቷል። ትናንት አየሁት፣ አዲስ ነው፣ ዋጋው ለሪክሻና ለደም ምርመራ ይበቃ ነበር። እናቱን አነጋግሬያቸው ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ይዘነው ልንሄድ ተስማምተናል። ወንድሜም አብሮን ይሄዳል፤ «እኔ ላናግረው፣ እኔን ይሰማኛል» ብሏል።

አባቴ፣ ከእርስዎና ከሽማግሌዎቹ ገንዘብ አልጠይቅም። ስድስት ሳምንት ስጡን። መጠኑ ተስተካክሎ፣ መድኃኒቱ ጊዜ አግኝቶ፣ ደሙ ታይቶ። ከዚያ በኋላ ተሰብስበን እንነጋገር፣ እኔም ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ሰንሰለቱ ከሱቁ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አላወጣም። ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ።

ቸር ያሰማን።